መልስ፦ አድዋን ድሬ ላይ ከሰፈር ሰው ጋር ስንት ሰዓት እናክብር?

8 ሰዓት ያልሽውን ተይው አቦ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ጀምሩ። 4 ሰዓት ካለፈ የድሬን ፀሐይ ታውቂያታለሽ ልጆቹን ሰልፍ ላይ ማቆም ግፍ ነው። ድንኳንና ወንበር ከእድሩ ተዋሱ፣ መንገድ ከዘጋችሁ ግን ቀድማችሁ ቀበሌና ፖሊስ አሳውቁ።

ለልጆቹ ምን እንንገራቸው ላልሽው የኛኑ ንገሯቸው፣ ራስ መኮንን የሐረርን ጦር ይዘው ነው የዘመቱት፣ ድሬ ደግሞ በ1888 ገና ከተማ አልነበረችም ባቡሩ ነው በኋላ ያመጣት፣ ይሄን ሲሰሙ አፋቸውን ይከፍታሉ።

ምግቡ ላይ ግን ካላንደር እዩ። አምና የሰፈሩ ወጣቶች አዋጥተው በግ አረዱ፣ ለካ ክርስቲያኑ ሁዳዴ ላይ ሙስሊሙ ረመዳን ላይ፣ ድስቱን የነካ የለም። ጾም ከሆነ ግብዣውን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት አዙሩትና የምስር ሳምቡሳ በሉ፣ ሁሉም ይበላዋል።