«ልግባ?» ወይስ «መግባት እችላለሁ?»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የስምንት ዓመት ልጄ አማርኛ ትናገራለች። ባለፈው እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ልጄ መኝታ ቤታቸው በር ላይ ቆማ «እማማ፣ መግባት እችላለሁ?» አለቻቸው። እናቴ «ውይ! ምን ሆነሽ ነው የማትችዪው? እግርሽን አመመሽ?» ብለው ብድግ አሉ። ልጄ ተሳስታለች?

መልስ፦ የእናትዎ ድንጋጤ ገብቶኛል። እኔም ይህ ነገር ለዓመታት ሲከነክነኝ ቆይቷል።

«ቻለ» በግዕዙ «ክህለ» ነው፤ ትግርኛው «ከኣለ» ይላል። አማርኛ «ከ»ን ወደ «ቸ» ለወጠና «ሀ»ን ዋጣት። በጸሎት «ከሃሌ ኵሉ» ሲባል የሰማ ሰው «ሁሉን ቻይ» እንደሆነ ያውቃል። አማርኛ ግን በቃሉ ላይ ሸክም ጨመረበት። ወጪ እንችላለን። አስቸጋሪ ጎረቤት እንችላለን። «ቻይ ናት» ሲባል ሆደ ሰፊነቷ ነው የሚነገረው። «ቻላቸው» የሚል ስም የሚያወጣ አባት ልጁ መከራን እንዲሸከም እየመረቀው ነው። ዳኛ የሚሰየምበት «ችሎት» እንኳ ከዚሁ የወጣ ነው። እንግዲህ እናትዎ «እችላለሁ?» ሲባሉ የሰሙት የአቅም ጥያቄ ነው። ስለዚህ ስለ እግሯ ጠየቁ።

የእንግሊዝኛው «ካን» የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ጥንት ትርጉሙ «ማወቅ» ነበር። ከማወቅ ወደ መቻል፣ ከመቻል ደግሞ ወደ መፈቀድ ሄደ። የማስፈቀዱን ሥራ ከእሱ በፊት የያዘው «ሜይ» ነበር፤ እሱም ቢሆን መነሻው ብርታትና ኃይል ነው። «ካን አትበል፣ ሜይ በል» የሚል መምህር ዛሬም አይጠፋም። ልጆቹ ግን መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የሚያስፈቅዱት በ«ካን» ነው። ልጅዎ ይህን በየቀኑ ትሰማለች። ቤት ስትገባ ቃሉን ብቻ ለወጠችው።

እዚህ ላይ የሚከራከሩኝ አሉ። «እንግሊዝኛ ያለፈበትን መንገድ አማርኛም እያለፈ ነው፤ ምን ያስጨንቃል?» ይላሉ። አልስማማም። እንግሊዝኛ ግሱ ውስጥ ማስፈቀጃ ስለሌለው ረዳት ግስ ያስፈልገዋል። የእኛ ግን ግሱ ውስጥ አለ። «ልግባ?» አንድ ቃል ነው፤ ባለቤቱም ፈቃድ ጥየቃውም አብረው አሉበት። ካፌ ስንቀመጥ አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» ይለናል። ከዚህ ቃል ላይ ምን ይጨመራል?

አንድ ፊደል ጠጋ ብለን እንይ። «ልግባ» ትእዛዝ አንቀጽ ነው። «ልገባ» ግን «ለ» እና «እገባ» የተጋጠሙበት ነው። «ልገባ» ብቻውን አይቆምም፤ «ልገባ ነው»፣ «ልገባ ስል»፣ «ልገባ እችላለሁ» እየተባለ ደጋፊ ይፈለግለታል። «ልግባ» ራሱን የቻለ ነው። ስልክ ስንደውል «እንዴት ልረዳዎት እችላለሁ?» የሚለን ሠራተኛም ይህችኑ ፊደል ነው የሳታት። «ምን ልርዳዎት?» ቢለን በቂ ነበር።

ተከራካሪዎቼ ጠንከር ያለ ማስረጃም አላቸው። «ታክሲ ውስጥ ክፍት ወንበር ያየ ሰው ‹መቀመጥ ይቻላል?› ይል የለም ወይ?» ይሉኛል። ይላል፤ ጥሩ አማርኛም ነው። ግን ግሱ «ተቻለ» ነውና የተደራጊውን «ተ» እንዳይረሱት። «ይቻላል?» የሚጠይቀው ስለ ጠያቂው አቅም አይደለም፤ ቦታው ይቀበላል ወይ ነው። ጠያቂው ራሱን ከጥያቄው አውጥቷል፤ ትሕትናውም ያለው እዚያ ነው። «መቀመጥ እችላለሁ?» ሲል ግን ተመልሶ ገባ።

በሌላ በኩል የምቀበለው አለ። ሕግ ያለ «ይችላል» አይሄድም።  የአማርኛው ሕግ ለአንዱ ወገን ሥልጣን ሲሰጥ «ሊያደርግ ይችላል» ይላል፤ ግዴታ ሲጥል ደግሞ «አለበት»። ይህን ልዩነት ማፍረስ አይገባም።

የአየር ሁኔታው ዜና ግን ያመኛል። «ዝናብ ሊዘንብ ይችላል» ይባላል። አያቶቻችን ሰማዩን አይተው ደረጃ ነበራቸው። ደመናው ከከበደ «ሳይዘንብ አይቀርም»። ካጠራጠረ «ይዘንብ ይሆናል»። ልብስ አስጥታ የቆመች ሴት ደግሞ «ይዘንብ ይሆን?» ትላለች። አንዱ ለመተማመን የቀረበ ነው፣ አንዱ ጥርጣሬ ነው፣ አንዱ ከራስ ጋር ማውራት ነው። «ሊዘንብ ይችላል» ሦስቱንም ጨፍልቆ አንድ አደረጋቸው። «ሊሆን ይችላል» የማይል ሰው ዛሬ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ከምሁር እስከ ገበሬ ሁሉም ይለዋል፤ ስህተት ነው ብዬ ልከራከር አልችልም። እኔ ግን ስጽፍ «ይሆናል»ን እመርጣለሁ።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። ሰዋስው አላፈረሰችም። «መግባት እችላለሁ?» በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶችም የሚሰማ ሆኗል፤ ወደፊትም ከዚህ የበለጠ መሰማቱ አይቀርም። ያጣችው ሌላ ነገር ነው። በእኛ ቤት ጠያቂው ግሱን ያቀብላል፤ ባለቤቱ ያንኑ ግስ ይመልስለታል። «ልቀመጥ?» «ተቀመጭ።» «ልቅመሰው?» «ቅመሽው።» «እችላለሁ?» ላለ ሰው ግን መልሱ «ትችያለሽ» ነው፤ ግሱ መንገድ ላይ ቀረ። እርማት አያብዙባት። በሚቀጥለው ጊዜ በሩ ጋ ስትደርስ «‹ልግባ?› በያቸው» ብቻ ይበሏት። እማማ «ግቢ፣ የኔ ቆንጆ» ሲሏት ቀሪውን ጆሮዋ ይማረዋል።