ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስለ ጨረሩ ጠይቁ

እህቶቼ፣ ጥምቀት ሲቃረብ ከውጭ የሚደወልልኝ ስልክ ይበዛል። «ጡቴ ላይ የተገኘው ትንሽ የካንሰር ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጣልኝ፣ የጨረር ሕክምና ግን ይቀርሻል አሉኝ፤ ጎንደር ደርሼ ስመለስ ብጀምረውስ?» ይሉኛል። እንግሊዝ አገር ጨረር ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «የስንት ቀን ጨረር ነው የታዘዘልሽ? ለምን?» እላለሁ። አብዛኞቹ አልጠየቁም።

ድሮ የተለመደው 50 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ25 ጊዜ፣ በ5 ሳምንት ነበር። ከዚያ 40 ግሬይ በ15 ጊዜ፣ በ3 ሳምንት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፋስት ፎርዋርድ የተባለው የእንግሊዞች ጥናት ደግሞ 26 ግሬይ በ5 ጊዜ፣ በአንድ ሳምንት ብቻ ሰጥቶ ከ3 ሳምንቱ ጋር አነጻጸረው። በ5 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ የተመለሰባቸው በ3 ሳምንቱ 2.1 በመቶ፣ በአንድ ሳምንቱ 1.4 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ቀኑ አጠረ ማለት ሕክምናው ጎደለ ማለት አይደለም፤ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው መጠን ነው ከፍ የሚለው። በሰዓት እየተከፈላት ለምትሠራ፣ ልጅ የሚይዝላት ዘመድ አጠገቧ ለሌላት ሴት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

ለሁሉም አይሆንም እንጂ። ብብት ውስጥ ያለው ንፍፊት ከተነካ ሐኪሙ ረዘም ያለውን ሊመርጥ ይችላል። ዕድሜዋ ከ50 ላለፈና ዕጢዋ ትንሽ ለነበረ ሴት ደግሞ ጡቱ በሙሉ ሳይሆን ዕጢው የነበረበት አካባቢ ብቻ በጨረር ሊመታ ይችላል። ግራ ጡት ከሆነ ትንፋሽ ይዞ መታከም እንዳለ ጠይቁ፤ ሳንባ በአየር ሲሞላ ልብ ከጨረሩ ትርቃለች።

እናቶቻችሁን እዚያ ለምታሳክሙ፦ 65 ላለፉ፣ ዕጢያቸው ትንሽና ሆርሞን ተቀባይ (በሆርሞን የሚያድግ) ለሆነ፣ ንፍፊታቸው ላልተነካ ጨረሩን መተውም አማራጭ ነው። ፕራይም ቱ በተባለው ጥናት በ10 ዓመት ውስጥ እዚያው ጡት ላይ የተመለሰባቸው ጨረር ካልወሰዱት 9.5 በመቶ፣ ከወሰዱት 0.9 በመቶ ሲሆኑ፣ በሕይወት በመቆየት ግን ልዩነት አልታየም። ያ ግን ሆርሞኑን የሚከላከለውን ኪኒን ለዓመታት ሳያቋርጡ መዋጥ ይጠይቃል። እማማ ኪኒን እየዘለሉ የሚውጡ ከሆነ እኔ ጨረሩን እመርጣለሁ።

ከውጭ በማሽን የሚሰጠው ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም። ልጆቻችሁን እቀፉ! በፍርሃት ልጃቸውን ሌላ ክፍል የሚያስተኙ እናቶች አሉ፣ አንጀቴን ይበሉታል።

ወደ ጎንደሩ ጉዳይ ስመጣ፣ ጨረሩን ለወራት አታዘግዩ፣ ከጀመራችሁ ደግሞ በመሃል አታቋርጡ። ቆዳው በጣም የሚቆጣው ካለቀ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሆነ በማግስቱ አዘዞ፣ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለመውረድ አትቸኩሉ። ቆዳው ተልጦ ከሆነ ፋሲል መዋኛ ገብታችሁ አትነከሩ፣ ጸበሉን ተረጩ፣ ይበቃል። ሐኪም ሳትጠይቁ ቅቤ አትቀቡት። የኛ አገር ፀሐይ ኃይለኛ ናት፣ አንገቱ ዝግ የሆነ ልብስ ልበሱ። ስትመጡም የትኛው ጡት፣ ስንት ግሬይ፣ በስንት ጊዜ እንደተሰጣችሁ የሚገልጽ ደብዳቤና እስክትመለሱ የሚበቃ ኪኒን በእጅ ሻንጣችሁ ያዙ።