የተተከለው ጥርስ ይደማል፣ ስኳሩም አልወርድ አለ

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ሄደው ሁለት የታች ጥርስ አስተክለዋል። ሰሞኑን ሲቦርሹ ይደማሉ፣ አፋቸውም ይሸታል። «አያመኝም፣ ተይኝ» ይላሉ። መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ስኳራቸውም ከፍ ብሏል። ይገናኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሊገናኝ ይችላል። «አያመኝም» ማለታቸው ግን አያዘናጋሽ። በተተከለ ጥርስ ዙሪያ የሚመጣ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ መድማቱ ነው ምልክቱ።

የተተከለ ጥርስ ሥሩ የቲታኒየም ብሎን ነው። የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ስስ ጅማት እዚያ የለም፣ ድዱም እንደ ጥርስ አጥብቆ አይዘውም፤ ስለዚህ ጀርም አንዴ ከገባ ወደ አጥንቱ ቶሎ ይወርዳል። የተቆጣው ድዱ ብቻ ከሆነ በደንብ ሲጸዳ ይድናል። አጥንቱ መበላት ከጀመረ ግን የሄደው በራሱ አይመለስም፤ አንዳንዴ ብሎኑ እስከ መነቀል ይደርሳል።

ወደ ስኳሩ ስንመጣ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ስኳር ከፍ ሲል ሰውነት ጀርም መከላከል ያቅተዋል፣ ቁስልም ቶሎ አይድንም። ድድ ውስጥ የከረመ ኢንፌክሽን በበኩሉ ሰውነትን እንደተቆጣ ያቆየዋል፤ ያኔ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ አይሠራም። በተፈጥሮ ጥርስ ዙሪያ ያለ የድድ በሽታ ሲታከም የሦስት ወሩ የስኳር ውጤት (ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ) በመጠኑ ዝቅ እንደሚል በጥናት ታይቷል። በተተከለ ጥርስ ላይ ማስረጃው ገና ትንሽ ስለሆነ ጥርሱ ስለታከመ ብቻ ስኳሩ ይስተካከላል አልልሽም። የስኳር ሐኪማቸውም የግድ ይያቸው፣ የጥርሱንም ነገር ይንገሩት።

ስለ ልብም ልጨምር። የድድ ጀርም ወደ ደም ሊገባ ይችላል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ወይም ከዚህ በፊት የልብ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ግን ድዱ ከመነካቱ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ መናገር አለበት።

አደራ፣ ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝታችሁ እንዳትሰጧቸው! ብሎኑ ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ ክኒን አያነሳውም፤ ሐኪም በእጁ አጽድቶ፣ በራጅም አጥንቱን አይቶ ነው የሚታከመው። ሲተከልላቸው የተሰጣቸው ካርድ ካለ ይዘው ይሂዱ፣ የብሎኑ ዓይነት እዚያ ላይ ስለሚጻፍ ሐኪሙን ይረዳዋል። ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ቡርሽ፣ በተለይ ብረቱና ድዱ የሚገናኙበትን ጠርዝ ቀስ ብለው ይቦርሹ። ሐይቁ ዳር ዓሣ በልተው በስቴኪኒ ድድ መቆስቆስም ይቅርባቸው። የሚያጨሱ ከሆነ ማጨሱ ራሱ በሽታውን ያባብሳል።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ በዚህ ሳምንት ውሰጃቸው። መግል ከወጣ፣ ፊታቸው ካበጠ ወይም ካተኮሳቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል ድረሱ።