ቋንቋውን የማያውቁ ወላጆቻችሁን ስታስመጡ

እናቴ አሜሪካ ሦስት ጊዜ መጥታለች። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አትችልም። የመጀመሪያው ጊዜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቪዛዋን፣ ቲኬቷን፣ የምትለብሰውን ካፖርት ሳይቀር አስቤ፣ ከአውሮፕላን ወርዳ እኔ ጋ እስክትደርስ ያለውን ሰዓት ረሳሁት። ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት በሩ ላይ ቆሜ፣ በእሷ በረራ የመጣው ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ እሷ የለችም። በመጨረሻ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «ምን ጠየቁሽ?» አልኳት። «ምኑን አውቄ፣ ልጄ» አለችኝ። ያን ቀን ሆዴን የበላኝ ነገር ሌላው ልጅ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

በኋላ ቁጭ ብለን ስናወራ ነው የገባኝ። የኢሚግሬሽኑ ሰው ምን ቋንቋ እንደምትናገር ጠይቋታል፤ እሷም ገምታ «አማርኛ» ብላዋለች። ፈረንጅ ግን በዚህ ስም አያውቀውም። «አማሪክ» ብትለው ኖሮ ወይ አማርኛ የሚችል ሰው ይፈልግላታል፣ ወይ በስልክ ተርጓሚ ያገናኛታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይቺን አንዲት ቃል አስጠኗቸው። በስልክ ስታወሩ ደጋግማችሁ አስብሏቸው። «አማሪክ።»

ሁለተኛው ነገር ጨዋነታችን ነው። እናቶቻችን ትልቅ ሰው ፊት፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ፊት፣ ያልገባቸውንም «እሺ» ይላሉ። አንዳንዴም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው ብቻ ነው አዎ የሚሉት። ለእኛ ግልጽ ነው። ለፈረንጁ ግን የደነገጠ ሰው ይመስለዋል። ያልገባቸውን ነገር አዎ ማለት ደግሞ ጣጣ ያመጣል። «ልትሠሪ ነው የመጣሽው?» ተብለውም ራሳቸውን ሊነቀንቁ ይችላሉ። ካልገባቸው «አማሪክ» ብለው ዝም እንዲሉ ንገሯቸው። ዝም ማለት ነውር እንዳልሆነም ንገሯቸው፤ እሱ ነው የሚከብዳቸው።

ወረቀት አዘጋጁላቸው። በአንድ በኩል በእንግሊዝኛ፣ በሌላው በኩል ያንኑ በአማርኛ፣ በትልልቁ ፊደል። አማርኛው ለራሳቸው ነው፤ የሚሰጡት ወረቀት ምን እንደሚል ይወቁት። ከላይ «የምናገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ እባክዎ ተርጓሚ ያገናኙኝ» የሚል ይኑር። ከዚያ ማንን ሊጠይቁ እንደመጡ፣ አድራሻው፣ የሁለት ሰው ስልክ፣ የሚመለሱበት ቀን፣ የሚወስዱት መድኃኒት። እውነቱን ብቻ ጻፉ። ማንበብ ለማይችሉ ወረቀቱን በቢጫ አትሙት፤ ከሌላው ወረቀት በቀለሙ ይለዩታል።

በተርጓሚም ቢሆን የሚያሳስቱ የራሳችን ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። እናትና ልጅ የአባት ስማችን አይገጥምም። የፈረንጅ እናት አብዛኛውን ጊዜ ከልጇ ጋር የቤተሰብ ስም ስለምትጋራ፣ «ልጅሽ ከሆነች ስሟ ለምን ተለየ?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። የልደት ካርዳችሁን ቅጂ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር አስይዟቸው። ሁለተኛው «ልጄ» የምንለው ቃል ነው። አክስቴ የእህቷን ልጅ ልትጠይቅ ሄዳ «ልጄ ጋ ነው» አለች። ፎርሙ ላይ ያለው ግን የእህት ልጅ ነው። እሷ አልዋሸችም፤ አሳድጋዋለች። ይሁን እንጂ እዚያ መስኮት ላይ «የእህቴ ልጅ» ማለት እንዳለባት ቀድሞ የነገራት የለም። ሦስተኛው ዕድሜ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1942 የተወለዱ እናት ፓስፖርታቸው ላይ 1950 ሊሆን ይችላል። የፓስፖርቱን ዓመት ይወቁት።

ሰዓቱንም አደራ። ቲኬቱ ላይ 22:00 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በእኛ ሰዓት ጽፋችሁ ላኩላቸው።

ለትኬት ገንዘብ ካላችሁ ቀጥታ በረራ ቁረጡ። ሁለት ቦታ የሚያስቀይር ርካሽ ቲኬት ለወጣት ነው። ከቦሌ ቀጥታ ሲሆን ቢያንስ አውሮፕላኑ ውስጥ አማርኛ የሚናገር አለ። ቲኬቱን ስትቆርጡ ዊልቸር አስመዝግቡ፤ ክፍያ የለውም። ረጅም መንገድ መሄድ ለሚከብዳቸው ወላጆች ነው፤ የሚገፋው ሰው እስከ መውጫው ድረስ አብሮ ይሄዳል። ደለስ ላይ ደግሞ ከአውሮፕላኑ ወደ ፍተሻው የሚወስዳቸው ትልቅ ክፍል የመሰለ መኪና አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1962 ጀምሮ የሚሠራ ነው። እናቴ በሩ ሲዘጋባትና ሲንቀሳቀስ ሌላ አገር የሚወስዷት መስሏት ነበር። ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ቋንጣና ጤና አዳም አታስይዟቸው። ሥጋ አይገባም። በርበሬና ሽሮውም ቢሆን «ምግብ ይዘሻል?» ሲባል አዎ ይባላል፤ የሚያስቀጣው ደብቆ መገኘት ነው።

አሁን ወደ ቤት እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንዘናጋው። ኤርፖርቱ የሁለት ሰዓት ጭንቅ ነው። ቤት ውስጥ ግን ወራት አሉ። እኛ ጠዋት ወጥተን ማታ እንገባለን። ልጆቹ አማርኛ አይመልሱም። እናቴ በሁለተኛው ወር «እስር ቤት ነው» አለችኝ። ስታዝን አልነበረም፤ ሳቅ እያለች ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም።

አያታቸው ከመምጣቷ በፊት ልጆቹን አማርኛ ማለማመድ ጀምሩ። ሙሉ አማርኛ አትጠብቁ። «አያቴ፣ ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ደከመሽ?»፣ «ተረት ንገሪኝ» ይበቃል። በሦስተኛው ጉዞ ልጄ ከአያቷ ጋር ቡና መቁላት ተማረች። እሷ ሲኒ ታቀርባለች፣ አያቷ የዕቃውን ስም ትነግራታለች። ረከቦት፣ ማቶት፣ ጀበና። እኔ ዓመት ሙሉ ለምኜ ያልሆነልኝ በሦስት ሳምንት ሆነ። ቴሌቪዥን ከፍቶ እንዲቀመጡ መተው ይቀላል፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ግን አታድርጉት።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ መስጊድ ውሰዷቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያለ ሰው አማርኛ የሚናገር ባለሱቅ አያጣም። እናታችሁ ራሳቸው ገብተው ራሳቸው ዋጋ ጠይቀው እንዲገዙ አድርጉ። ይሄ ለትልቅ ሰው ክብር ነው።

ሕመም ሲመጣ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ሆስፒታሎች በነጻ ተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ጠይቁ። የጉግል ትርጉምም አማርኛን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ይዟል፤ ለገበያ ይሆናል። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ወይም «ወገቤን ቆረጠኝ» ሲባል ግን ሰው ያስፈልጋል። አንድ እናት የሰውነታቸውን ችግር በልጅ ልጃቸው አፍ ለሐኪም አይናገሩም። ይደብቁታል። የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም ከመነሳታቸው በፊት ግዙላቸው፤ ቀድሞ የነበረ ሕመም ይሸፍን እንደሆነ አንብቡ፤ ብዙዎቹ አይሸፍኑም።

ማቀዝቀዣው ላይ 911 የሚለውን የድንገተኛ አደጋ ጥሪ ቁጥርና የቤታችሁን አድራሻ በትልቁ ለጥፉ። ደውለው «አማሪክ» ይበሉ፤ ስልኩን አይዝጉ፤ ተርጓሚ እስኪገናኝ ይቆዩ። ስልኩን ዘግታችሁ አንዴ ከእናንተ ጋር ተለማመዱት። እናቴ «ሃሎ፣ አማሪክ» ስትል ልጆቹ አጨበጨቡላት፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤት በሩን ባንኳኳ ቁጥርም እንደዚያው ትላለች።