2000 ዋት የሚለው ርካሹ ግራይንደር ይሻላል?

ጥያቄ፦ የብረት በርና መስኮት ሥራ ልጀምር ነው። ባለ 115 ሚሊሜትር ዲስክ ግራይንደር (ብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ልገዛ ሄጄ ሁለት አየሁ። አንዱ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ፣ 2000 ዋት የተጻፈበትና ርካሽ ነው። ሌላው የታወቀ ማርክ ነው፤ 850 ዋት ብቻ ይላል፣ ዋጋው ግን የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ነው። የትኛውን ልውሰድ?
ጀማሪ ብረት ሠሪ

መልስ፦ እንኳንም ሳይገዙ ጠየቁ። ለዚህ መጠን ግራይንደር የተለመደው ጉልበት ከ700 እስከ 1000 ዋት ገደማ ነው። 2000 ዋት የሚገኘው ባለ 230 ሚሊሜትሩ ትልቁ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በሁለት እጅ ካልሆነ አይያዝም። የሞተር ጉልበት ያለው መዳቡና ብረቱ ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ይከብዳሉ። ስለዚህ ሁለቱን ማሽኖች በግራና በቀኝ እጅዎ አንስተው ያመዛዝኑ። 2000 የሚለው ከቀለለዎት ቁጥሩን አይመኑት።

ርካሽ ሁሉ የማይረባ ነው በሚለው ግን አልስማማም። ለጥገና የሚመጡልኝን ስፈታ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ደህና ነው። ዲስኩን የሚያዞረው የማርሽ ጥርስ ነው ተበልቶ የማገኘው፤ ግሪስ የተደረገለት ለስሙ ያህል ነው። ሶኬቱን ነቅሎ፣ የጥርሱን ቤት ብሎኖች ፈትቶ ግሪስ መጨመር ቀላል ሥራ ነው። ይህን ገና በአዲስነቱ ያደረገ ሰው ዕድሜውን ያራዝመዋል።

ሱቅ ውስጥ ዲስኩ የሚታሰርበትን ዘንግ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት። የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው ልል ነው፤ ይተውት። ካርቦኑና (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው፣ እየተፋቀ የሚያልቀው ቁራጭ) ማብሪያ ማጥፊያው ለብቻ ይገኝ እንደሆነም ይጠይቁ። ካርቦን ማለቁ አይቀርም፤ መለወጫ ከሌለው ማሽኑ በሙሉ ተጣለ ማለት ነው።

ለእርስዎ 850ውን ነው የምመክረው። እንጀራዎ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። አልፎ አልፎ ቤት ውስጥ ለሚነካካ ሰው ቢሆን ርካሹን፣ ግሪስ ጨምሮበት፣ ይግዛ እል ነበር። ገንዘብ ካጠረዎት ከመዶሻና ከክላምፑ ይቀንሱ።

በዲስክ ግን እባክዎ አይቆጥቡ። ባለ 115ቱ ዲስክ ላይ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 13,300 ዙር የሚል ያገኛሉ። በዚያ ዙር ጠርዙ በሰከንድ 80 ሜትር ይጓዛል፤ ቢሰበር ስባሪው በዚያው ፍጥነት ነው ፊትዎ ላይ የሚመጣው። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ዙር ዲስኩ ላይ ካለው መብለጥ የለበትም። መሃሉ ላይ ያለውን የብረት ቀለበትም ይዩት፤ የሚያበቃበት ወርና ዓመት ታትሞበታል። ዲስኩን የያዘው ሙጫ በጊዜ ብዛት ይደክማል። ቀኑ ያለፈበትን በነጻ ቢሰጡዎትም አይቀበሉ። የዲስክ መከለያ የሌለውን ማሽን ደግሞ፣ የፈለገው ማርክ ቢሆን፣ አይግዙ።