ግድግዳው የሚሰጣችሁ ፍጥነት

ልጆቼ፣

መጀመሪያ በዋናተኝነት፣ ኋላም በአሰልጣኝነት ከገንዳ ዳር ሳልርቅ ሸብቻለሁ። በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ስለ ውድድር የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አብዝቶ የዋኘና አጥብቆ የቀዘፈ ያሸንፋል። አንድ ፍጻሜ ላይ ግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ሲቀረኝ "ደርሻለሁ" ብዬ እጄን ዘርግቼ ተንሳፈፍኩ። በጎኔ ያለው ልጅ አንዴ ጨምሮ ቀዘፈና ቀድሞኝ ነካ። ከውሃው ስወጣ ገና ጉልበት ነበረኝ። ለዓመታት ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ቢራቢሮ በሚባለው የዋና ስልት የ100 ሜትር ፍጻሜ ላይ ሰርቢያዊው ሚሎራድ ቻቪች እየመራ መጥቶ እጁን እንደዘረጋ ወደ ግድግዳው ሲንሸራተት፣ አሜሪካዊው ማይክል ፌልፕስ ግማሽ ቀዘፋ ጨመረ። ሰዓቱ 50.58 ለ50.59 ሰከንድ ሆነ፤ ፌልፕስ አሸነፈ።

ይህን የማነሳው ስለ አነካክ ብቻ ልነግራችሁ አይደለም። ዋናተኞች ሰዓታቸውን ለማሻሻል ሲያስቡ የሚያስቡት ስለ መሃሉ ነው፤ ስለ ክንድ፣ ስለ ትከሻ፣ ስለ ሳንባ። ውሃ ግን ከአየር 800 ጊዜ ያህል የጠጠረ ነገር ነው። ፍጥነታችሁን እጥፍ ላድርግ ብትሉ ወደ ኋላ የሚገፋችሁ የውሃ ኃይል አራት እጥፍ ገደማ፣ በየሰከንዱ የምታወጡት ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በጉልበት የሚገዛ ፍጥነት እጅግ ውድ ነው። በርካሽ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው።

በአንድ ውድድር ውስጥ በጣም የምትፈጥኑት መቼ ይመስላችኋል? ስትቀዝፉ አይደለም። ከመነሻው ዘላችሁ ውሃ ስትገቡና ግድግዳውን ረግጣችሁ ስትወነጨፉ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያንን ፍጥነት ቀስ በቀስ ማጣት ነው። ጎበዝ ዋናተኛ የምለው ዘግይቶ የሚያጣውን ነው።

ይህን ቀድመው የገባቸው የጀርባ ቀዘፋ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ዴቪድ በርኮፍና ዳይቺ ሱዙኪ በ100 ሜትር ፍጻሜ የመጀመሪያውን 50 ከግማሽ በላይ ከውሃ በታች በዶልፊን ምት፣ ማለትም ሁለቱን እግር ገጥመው እንደ ዓሣ ጅራት እየመቱ ሄዱት፤ ወርቁን ሱዙኪ ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ሕጉ ገደብ አበጀለት። ዛሬ በነፃ ቀዘፋ፣ በጀርባና በቢራቢሮ ከመነሻና ከእያንዳንዱ መዞር በኋላ እስከ 15 ሜትር ድረስ ጭንቅላታችሁ ከውሃ መውጣት አለበት። እንዲያም ሆኖ ስሌቱን ተመልከቱት። በ25 ሜትር ገንዳ 100 ሜትር የሚዋኝ ሰው 60 ሜትሩን ከውሃ በታች ሊጨርሰው ይችላል። አብዛኞቻችሁ ግን ይህን ክፍል እንደ ማረፊያ ነው የምታዩት።

አደራ፣ ሁላችሁም 15 ሜትር ሂዱ እያልኩ አይደለም። ምታችሁ ከቀዘፋችሁ ከዘገየ ከታች መቆየት ኪሳራ ነው። ጓደኛችሁ 15 ሜትር ላይ ሰዓት ይዞ ይቁም። አንዴ በአራት ምት፣ አንዴ በስድስት፣ አንዴ በስምንት ውጡና ሰዓቱን ጠይቁት። ከእኔም ሆነ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እሱን እመኑ። ስትወነጨፉ አንዱ መዳፍ በሌላው ላይ ይደረብ፣ ክንዶቻችሁ ከጆሮ ኋላ ይጣበቁ። ብቅ እንዳላችሁም ለመጀመሪያው ቀዘፋ አየር አትሳቡ። ጭንቅላት ለትንፋሽ ሲዞር ከግድግዳው ያመጣችሁት ፍጥነት እዚያው ይቀራል።

ወደ ግድግዳው ስትቀርቡም ቀና ብላችሁ አትዩት። ጭንቅላት ሲነሳ ዳሌ ይሰምጣል። ቀዘፋችሁን ቁጠሩ። ያው ፌልፕስ እዚያው ቤጂንግ ላይ በ200 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜ መነጽሩ ውሃ ሞልቶበት አያይም ነበር፤ ቀዘፋውን እየቆጠረ ግድግዳውን አገኘው፣ በዓለም ክብረ ወሰንም አሸነፈ። መቁጠር በውድድር ቀን የሚጀመር ነገር አይደለም፤ ስትደክሙ ቁጥሩ ይለወጣልና የደከማችሁ ቀን ቁጥራችሁንም ማወቅ አለባችሁ።

እኔን በጣም የሚያስቆጣኝ የልምምድ ስንፍና እዚህ ጋ ነው። በ25 ሜትር ገንዳ 5,000 ሜትር የሚዋኝ ልጅ በአንድ ልምምድ 200 ጊዜ ያህል ግድግዳ ይነካል። ሁለት መቶውንም እየተዝረከረከ ዞሮ "በውድድር ቀን አስተካክለዋለሁ" ይለኛል። የደረትና የቢራቢሮ ዋናተኛ ደግሞ በአንድ እጅ ነክቶ ይመለሳል፤ በውድድር ላይ ሁለቱ እጆች እኩል ካልነኩ እንደሚያስባርር እያወቀ! ሰውነት በውድድር ቀን የሚያወጣው የለመደውን ነው።

ስለ ጉልበት አከፋፈል ብዙ አልልም። የመጀመሪያው 50 ዝላዩ ስላለበት ሁልጊዜ ቀላል መስሎ ይታያል፤ በዚያ አትታለሉ። በ200 ሜትር ሦስተኛው 50 ላይ ማንም አያጨበጭብላችሁም፣ ብዙ ውድድር የሚበላሸው ግን እዚያ ነው።

ከውድድር በፊት ባሉት የመጨረሻ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የልምምድ ርቀት ይቀነሳል፣ ፍጥነት ግን አይቀነስም። አጭር ነገር በውድድር ፍጥነት ዋኙ፣ ቀሪውን ተኙ። በእነዚያ ቀናት ሰውነት እንደ እርሳስ ሊከብዳችሁ፣ ውሃው ሊያስጠላችሁ ይችላል። "ብቃቴ ጠፋ" ብላችሁ ተደብቃችሁ ገንዳ እንዳትገቡ። እኔ ገብቻለሁ። ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው አሰልጣኜ ሳያይ 3,000 ሜትር ዋኝቼ ነበር። ያመጣሁትን ሰዓት ግን አልነግራችሁም።