መልስ፦ ምጣዱ ስንት ኦም ነው፣ ስንት ዋትስ ይበላል?

ወንድሜ፣ በ220 ቮልት 10 አምፒር የሚስብ ምጣድ ሬዚስታንሱ (ከረንቱን የሚገታበት መጠን፣ በኦም) እና ፓወሩ (የሚበላው ኃይል፣ በዋት) እንዴት ይሰላል ላልከው፣ ቮልቱን ለአምፒሩ ታካፍላለህ 22 ኦም፣ ታባዛቸዋለህ 2200 ዋት፣ በቃ።

ግን 2200 የሚሆነው 220ው ሙሉ ሲገባ ነው። እኛ ደብረ ብርሃን ማታ ብርዱ ሲጠና ሁሉም ስቶቩን ይሰካል፣ ቤቴ ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) 180 ቮልት ሲያነብ አይቻለሁ፣ የምጣዱ ማሞቂያ ሽቦ ያው 22 ኦም ስለሆነ የሚስበው ወደ 8.2 አምፒር ይወርዳል ፓወሩ ደግሞ 1470 ዋት ገደማ፣ ሲሶው ሄደ ማለት ነው፣ እና እንጀራው አይን አላወጣም ብለህ ሊጡን አትውቀስ ሃሃ።

ሌላው፣ ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጠን እንቀጥለው የለ? ሲያጥር ኦሙ ይቀንሳል። 22 የነበረው 18 ከሆነ 12.2 አምፒር ይስባል፣ ወደ 2690 ዋት። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ እንደዛ ቀጥዬው ሁለተኛው እንጀራ ላይ የፕላስቲክ ሽታ መጣ፣ ሳየው ሶኬቱ ቀልጦ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል።

ኦሙን በቴስተር ከለካህ ግን መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው፣ ቀዝቃዛ ሽቦ ደሞ ከጋለው ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሚያነብ 21 ምናምን ቢልህ አትደንግጥ።